የመንግሥት የመረጃና ደህንነት ሙያ፦ በምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎች ለሚኖሩ ወጣቶችና ወላጆች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ይህ ማብራሪያ በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ በአብርሃ ጅራና በአብደራፊ፣ እንዲሁም በመተማና በቋራ ወረዳዎች የሚኖሩ ወጣቶችና ወላጆች በመንግሥት የመረጃና ደህንነት ሙያ ስለ መሠማራት ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። ጥያቄዎቹ በሁለት ሊጠቃለሉ ይችላሉ። አንደኛው «እንዴት እቀጠራለሁ?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ሥራው ምንድን ነው?» የሚል ነው። አብዛኛው ጠያቂ የሚያነሣው የመጀመሪያውን ቢሆንም፣ በአዘጋጁ እምነት ሁለተኛው ሊቀድም ይገባል። ሥራውን በፊልም ወይም በወሬ ብቻ የሚያውቅ አመልካች ለማያውቀው ነገር ሲል ጊዜውን፣ አንዳንድ ጊዜም ገንዘቡንና ደህንነቱን አሳልፎ ይሰጣልና።

ያም ሆኖ ለቸኮለ አንባቢ የመጀመሪያውን ጥያቄ አስቀድሞ ባጭሩ መመለስ ተገቢ ነው። በቀበሌም ሆነ በወረዳ ደረጃ ለዚህ ሙያ ስም የሚመዘግብ ግለሰብ የለም። ቅጥር የሚፈጸመው የሰው ኃይል የሚፈልገው ተቋም ራሱ ይፋ በሚያደርገው መንገድና መስፈርት ብቻ ነው። በመካከል ቆሞ «እኔ አስገባሃለሁ» የሚል ሰው፣ መታወቂያ ቢያሳይም፣ የሥራ ኃላፊ ስም ቢጠራም፣ ሊታመን አይገባም።

ሥራው ምንድን ነው?

በአማርኛ «መረጃ» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። ገበያ የተሰማውም ሆነ ተጣርቶ ለአገር መሪ የቀረበው በአንድ ስም ይጠራል። ሙያው የሚጀምረው ግን እነዚህን ሁለቱን ከመለየት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በጥቅምት ወር፣ ሰሊጥ በሚሰበሰብበት ወቅት፣ «የመተማ ድንበር ነገ ይዘጋል» የሚል ቃል አብርሃ ጅራ ገበያ ደረሰ እንበል። ይህን ሰምቶ ለሌላው ማድረስ ወሬ ማቀበል ነው። የመረጃ ባለሙያ ግን በመጀመሪያ የሚጠይቀው ማን እንዳለው ነው። ተናጋሪው በዓይኑ ያየው ነገር አለ ወይስ ከሌላ ሰማ? ከሌላ ከሰማ ያ ሌላው ማን ነው? ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ቢናገሩ ሦስት ምንጭ አለ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ሦስቱም ትናንት ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሰምተው ይሆናልና። ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥቅም ነው፤ ድንበሩ ይዘጋል ቢባል ማን ይጠቀማል? ገበሬው ደንግጦ ሰሊጡን በርካሽ እንዲሸጥ የሚፈልግ ነጋዴ ይኖር ይሆን? በመጨረሻም ከቃል ውጭ ያለው ምልክት ይታያል። መኪኖች ተሰልፈዋል ወይ? ከሱዳን ወገን የሚመጣው መንገደኛ ቀንሷል ወይ? ባለፉት ዓመታት በተመሳሳይ ወቅት ተመሳሳይ ወሬ ተነሥቶ ያውቃል ወይ? ያስ ምን ያህሉ እውነት ሆነ?

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ውጤቱ በጽሑፍ ይሰፍራል። ባለሙያው ያየውን «ታይቷል»፣ የሰማውን «ተሰምቷል»፣ ከዚያ ተነሥቶ የገመተውን «ተገምቷል» ብሎ ሦስቱን ሳይቀላቅል መጻፍ ይኖርበታል። በዕለት ንግግራችን «ተባለ» እና «ሆነ» በቀላሉ ይተካካሉ፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ግን አንዱን በሌላው ቦታ መጻፍ ከባድ ጥፋት ነው። በዚህ ቀጣና የዚህ ጥፋት ዋጋ በሰው ሕይወት ይቆጠራል። በ2011 ዓ.ም. በምዕራብና በማዕከላዊ ጎንደር በተከሰተው ግጭት በርካታ ሰዎች ከቀያቸው መፈናቀላቸው ይታወሳል። ሥጋት በነገሠበት አካባቢ ያልተጣራ አንድ ቃል አንድን መንደር ያስነሣል፤ ሌላውን ያስታጥቃል።

የእርግጠኝነት ደረጃን በቃል መግለጽም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ የማዕከላዊ መረጃ ድርጅት የትንተና ሥራን ለዓመታት የመራው የታሪክ ምሁር ሸርማን ኬንት ያጋጠመው ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 መሥሪያ ቤቱ ባወጣው ግምገማ በዩጎዝላቪያ ላይ ጥቃት የመፈጸሙ ነገር «አሳሳቢ ዕድል» ነው ተብሎ ተጻፈ። ኬንት በኋላ ግምገማውን አብረውት ያዘጋጁትን ባልደረቦቹን በዚህ ቃል ምን ማለታቸው እንደነበር ሲጠይቃቸው፣ አንዱ ከመቶ 20 የሚሆን ዕድል፣ ሌላው ከመቶ 80 ማለቱ እንደነበር ገለጹለት። በአንድ ሰነድ ላይ የተስማሙ ሰዎች በውስጣቸው ፈጽሞ የተለያየ ነገር ይዘው ነበር ማለት ነው። የእኛም ቋንቋ ይኸው ችግር አለበት። «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ሊሆን ይችላል»፣ «ይመስላል» የሚሉት ቃላት ለአንባቢው ምን ያህል ክብደት እንዳላቸው ጸሐፊው አስቀድሞ ካልወሰነ፣ ውሳኔ ሰጪው የሚመራው በራሱ ስሜት ይሆናል።

አንድ ተጨማሪ ልዩነት መያዝ ይገባል። መረጃ እና ማስረጃ አንድ አይደሉም። መረጃ ሊደርስ ያለውን አደጋ አስቀድሞ ለማወቅና ለመከላከል ያገለግላል፤ ማስረጃ ደግሞ የተፈጸመን ድርጊት በፍርድ ቤት ያረጋግጣል። ወንጀልን መርምሮ ማስረጃ ማሰባሰብ የፖሊስ፣ ክስ መመሥረት የዐቃቤ ሕግ፣ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብሎ መፍረድ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። የመረጃ ሠራተኛ ይህን ወሰን ዘልሎ ሰውን በራሱ ግምት የሚቀጣ ከሆነ ሙያው ያበቃና ሌላ ነገር ይጀመራል።

ከታሪካችን

ሙያው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ባሻ አውዓሎም ሐረጎት ከአድዋ ጦርነት በፊት የኢጣልያ ሰላይ መስለው ለጄኔራል ባራቲየሪ የተሳሳተ ወሬ በማድረስ ለ1888 ዓ.ም. ድል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ በታሪክ ይነገርላቸዋል። በጠላት ወረራ ዘመንም የውስጥ አርበኞች ከተማ ተቀምጠው ለዱር አርበኞች መረጃና ስንቅ ያደርሱ ነበር። ከእነዚህ አንዷ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ተይዘው በኢጣልያ አዚናራ ደሴት እስከ መታሰር ደርሰዋል። ይህ ሙያ የወንዶች ብቻ ይመስላቸው ለነበሩ ወላጆች ይህ ስም በቂ መልስ ነው።

የምዕራብ ጎንደር ቆላም በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በመተማ ነው። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. በኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚመራው ሚሽን 101 የተባለው ቡድን ከሱዳን ድንበር ተሻግሮ የገባው ከአርበኞች ጋር ለመገናኘት፣ የአገሩን ሁኔታ ለማጥናትና ወሬ ለመላክ ነበር። የመተማና የገላባት ድንበርም በጥቅምት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ የእንግሊዝና የኢጣልያ ጦር የተፋለሙበት ስፍራ ሆኗል።

ታሪኩ ግን በጎ ብቻ አይደለም፤ ይህን ሳይጠቅሱ ማለፍ አመልካቹን ማሳሳት ይሆናል። በደርግ ዘመን የነበረው የሕዝብ ደህንነት ጥበቃ መሥሪያ ቤት በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የሚታወሰው በፍርሃት ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታትም በእስረኞች ላይ ስለ ተፈጸመ ሥቃይ የቀረበው አቤቱታ ብዙ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ማዕከላዊ በመባል የሚታወቀው የምርመራ እስር ቤት ተዘግቷል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ የብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት የቀድሞ ኃላፊዎችን ጨምሮ በርካታ ሰዎች በሰብዓዊ መብት ጥሰት ተጠርጥረው በቁጥጥር ሥር ውለዋል። ወደ ሙያው ለመግባት የሚያስብ ወጣት ወላጆቹ ስለ ምን እንደሚፈሩ መረዳት አለበት። ፍርሃታቸው ካለማወቅ ብቻ የመነጨ አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል?

የብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት አሁን ባለው ቅርጹ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 804/2005 ነው። ይህ አዋጅ በ1987 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 6 ተቋቁሞ የነበረውን የደህንነት፣ ኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጉዳይ ባለሥልጣን ተክቷል። አገልግሎቱ በአገር ውስጥና በውጭ የመረጃ ሥራ እንዲያከናውን፣ ሽብርተኝነትንና በሕገ መንግሥቱ ሥርዓት ላይ የሚቃጡ ድርጊቶችን እንዲከታተል ሥልጣን ተሰጥቶታል። ይኸው አዋጅ የክትትል ሥራ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚፈጸም መሆኑን ይደነግጋል። ይህ ነጥብ ለአመልካቹ ትልቅ ትርጉም አለው። የባለሙያው ጉጉት፣ ጥርጣሬ ወይም የአለቃው ቃል የሰውን ቤት ወይም ስልክ አያስከፍትም ማለት ነውና።

ከአዋጁ በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ መኖሪያ ቤትንና የደብዳቤና የስልክ ግንኙነትን ይጠብቃል። አንቀጽ 18 ኢሰብዓዊ አያያዝን ይከለክላል። በአንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። አንቀጽ 28 ደግሞ ሰውን አስገድዶ መሰወርን፣ ያለ ፍርድ መግደልንና ኢሰብዓዊ የድብደባ ድርጊትን የመሳሰሉ ወንጀሎች በይርጋ እንደማይታገዱ፣ በምሕረትም እንደማይታለፉ ይገልጻል። ዛሬ የተፈጸመ ድርጊት ከሠላሳ ዓመት በኋላም ሊያስጠይቅ ይችላል። ወጣቱ አመልካች እነዚህን አራት አንቀጾች ከማንኛውም የስለላ መጽሐፍ አስቀድሞ እንዲያነብ አዘጋጁ አጥብቆ ይመክራል። ሕገ መንግሥቱ ሊገኝ የማይችል ሰነድ አይደለም፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት አለ።

የትኞቹ ተቋማት አሉ?

«ደህንነት» ሲባል ብዙ ሰው አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ያስባል። በተግባር ግን በመረጃ ትንተና የሚተዳደሩ ተቋማት በርካታ ናቸው፤ የሚፈልጉት ሰውም የተለያየ ነው።

የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በ1999 ዓ.ም. በመጀመሪያ ስያሜው ኤጀንሲ ሆኖ የተቋቋመ ሲሆን፣ የአገሪቱን ቁልፍ የኮምፒውተር መሠረተ ልማቶች ከሳይበር ጥቃት ይከላከላል። የኮምፒውተር ሳይንስ፣ የኤሌክትሪካልና የሶፍትዌር ምሕንድስና ዝንባሌ ላላቸው ወጣቶች ተስማሚ ነው። በሳይበር ዘርፍ ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው ታዳጊዎች የሚያዘጋጀው የክረምት ሥልጠናም ስላለ፣ ተማሪዎች ጥሪው ሲወጣ ሊከታተሉት ይገባል።

የፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት ከባንኮችና ከሌሎች ተቋማት የሚደርሱትን አጠራጣሪ የገንዘብ ዝውውር ሪፖርቶች ይመረምራል። ይህ ሥራ የጠረጴዛ ሥራ ነው፤ ሽጉጥም ጥቁር መነጽርም የለበትም። ውጤቱ ግን ከባድ ነው። ኢትዮጵያ ሕገ ወጥ ገንዘብን በመከላከል ረገድ ክፍተት አለባቸው ከተባሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ በ2009 ዓ.ም. ገብታ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. የወጣችው በሕግ ማሻሻያና በእንዲህ ያለ የሰነድ ሥራ ነው። የሒሳብ አያያዝ ወይም የኢኮኖሚክስ ምሩቅ የሆነና የሰሊጥና የኮንትሮባንድ ገንዘብ በድንበር ከተማ እንዴት እንደሚዘዋወር እያየ ያደገ ወጣት በዚህ መስክ ብዙ ሊያበረክት ይችላል።

የመከላከያ ሠራዊት የራሱ የመረጃ ክፍል አለው፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በቅድሚያ የሠራዊቱ አባል መሆን ነው። የፌዴራል ፖሊስና የጉምሩክ ኮሚሽንም የመረጃ ሥራ አላቸው። የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ዛሬ ራሱን የቻለ ተቋም በመሆኑ በመተማ ኬላ ፓስፖርት የሚመረምረው ሠራተኛ የመረጃና ደህንነት አገልግሎት ባልደረባ ተደርጎ መቆጠር የለበትም። ይህን ማደናገር በአካባቢው የተለመደ ነው።

ከእነዚህ ውጭ ተመሳሳይ ችሎታ የሚጠይቁ፣ ምስጢራዊ ያልሆኑ ሙያዎችም አሉ። በዚህ ረገድ ብዙ ወጣት የማያስተውለው ዕድል ያለ ይመስለናል። የምሥራቅ አፍሪካ በይነ መንግሥታት ኢጋድ እ.ኤ.አ. በ2002 ያቋቋመው የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያና ምላሽ ማዕከል መቀመጫው አዲስ አበባ ነው፤ ሥራውም ግጭት ከመፈንዳቱ በፊት ምልክቶችን መሰብሰብና መተንተን ነው። የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ስለ ድርቅና ጎርፍ እንዲሁ ያደርጋል። የጤናው ዘርፍ ደግሞ የበሽታ ቅኝት ባለሙያዎች አሉት። በመተማና በአብደራፊ እርሻዎች ካላዛር በየትኛው ወር፣ ከየት በመጡ የቀን ሠራተኞች ላይ እንደሚበረታ መዝግቦ የሚያስጠነቅቅ የጤና ባለሙያ የሚሠራው ሥራ ከላይ ከተገለጸው ዘዴ አይለይም። ምንጭ ይለያል፣ ያነጻጽራል፣ በጊዜ ያሳውቃል።

የአካባቢው ልጅ ምን ይዟል? ምንስ ይጎድለዋል?

የቆላው ወጣት ከአዲስ አበባ የመጣ ምሩቅ በዓመታት የማይማረውን ነገር ያውቃል። የቀን ሠራተኛው መቼ እንደሚጎርፍ፣ አረም መቼ እንደሚያልቅ፣ አንገረብና ጓንግ መቼ እንደሚሞሉና የትኛው መንገድ እንደሚቆረጥ፣ የሱዳን ነጋዴ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ያውቃል። የተለመደውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ያልተለመደውን የሚያስተውለው። ብዙዎችም አማርኛን ከሱዳን ዐረብኛ ጋር አጣምረው ይናገራሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳና የብዙ አገር ዜጎች በመተማ በኩል ሲሻገሩ፣ ሁለቱን ቋንቋ የሚችል ሰው ለእርዳታ ሠራተኛውም ለኬላ ሠራተኛውም ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በገሃድ ታይቷል።

የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ጽሑፍ ነው። ዐረብኛን መናገር ብቻ አይበቃም፤ ፊደሉን ማንበብና መጻፍ ያስፈልጋል። በአማርኛም ቢሆን አንድን ክስተት በአንድ ገጽ፣ በጊዜ ቅደም ተከተል፣ ቅጽል ሳያበዙ መጻፍ ከባድ ነው። ይህን ለመለማመድ ፈቃድም ክፍያም አያሻም። በሳምንት አንድ ቀን የገበያውን የሰሊጥ ዋጋ፣ የተሰማውን ምክንያትና የራስን ግምት በሦስት ዓምድ ጽፎ፣ በቀጣዩ ሳምንት ግምቱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ማመሳከር ይቻላል። ልምምዱ በገበያ ዋጋ፣ በዝናብና በመሳሰሉት ብቻ ሊወሰን ይገባል። ሰዎችን፣ ጎረቤቶችንም ሆነ የታጠቁ ኃይሎችን እንቅስቃሴ በራስ ፈቃድ መከታተልና መመዝገብ ልምምድ አይደለም፤ ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል፣ ሕይወትንም ለአደጋ ይዳርጋል።

የትምህርት ዘርፍን በተመለከተ አንድ ብቻ የተመረጠ መስክ የለም። ሕግ፣ ፖለቲካል ሳይንስ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስ፣ ጂኦግራፊ፣ ሥነ ልቡና፣ ቋንቋና ኮምፒውተር ሁሉም ያገለግላሉ። ለአካባቢው ቅርብ የሆነው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከእነዚህ ውስጥ በርካታዎቹን ያስተምራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የሰላምና ደህንነት ጥናት ተቋምም በሁለተኛ ዲግሪና ከዚያ በላይ ለመቀጠል ለሚፈልጉ ይጠቅማል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ማለፍ እንዳለባቸው መዘንጋት የለበትም። ኢንተርኔት ማግኘት የሚችሉ ወጣቶች በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የዳታ ሳይንስና የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ትምህርት ያለ ክፍያ ሊከታተሉ ይችላሉ።

በቆላው የጦር መሣሪያ መያዝ እንደ ጉብዝና ስለሚቆጠር አንድ ነገር ማከል ያስፈልጋል። ተኩስ ማወቅ ለዚህ ሙያ ብቃት አይሆንም። ፈቃድ የሌለው መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያስጠይቃል፤ መሣሪያ ይዞ የተነሡትን ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍም አመልካቹን የሚጠቅም ነገር አይደለም። በብሔርና በሃይማኖት ላይ ያነጣጠረ ስድብ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚያስቀጣ ከመሆኑም በላይ፣ ሰውን ሁሉ በእኩል ዓይን ማየት የማይችል ጸሐፊ መሆንን ያሳብቃል።

ሙያው በግል ሕይወትና በቤተሰብ ላይ የሚያስከትለው

የመረጃ ሠራተኛ ስለ ሥራው ለባለቤቱም፣ ለእናቱም የማይነግረው ብዙ ነገር አለ። መልካም የሠራበት ቀን አይወራለትም፤ የከሸፈ ጥቃት በዜና አይሰማምና። የሚመደብበትን ቦታ አይመርጥም፤ የአብርሃ ጅራ ልጅ አብርሃ ጅራ ላይ ይመደባል ብሎ መጠበቅም አይገባውም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት ደግሞ ጉዳዩ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በሻይ ቤት «ደህንነት ልገባ ነው» ብሎ የሚያወራ ወጣት፣ ባይቀጠርም እንኳን፣ ራሱንና ቤተሰቡን ለጥርጣሬና ለጥቃት ያጋልጣል። እናት አባትም በልጃቸው ኩራት ተሰምቷቸው ለጎረቤት ከመንገር መቆጠብ ይኖርባቸዋል። በዓለም ላይ ያሉ ተቋማት ልምድም ይኸው ነው። የብሪታንያ የአገር ውስጥ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በጋዜጣ በይፋ ሠራተኛ ይጋብዛል፤ ማስታወቂያው ለሁሉም የሚታይ ነው። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ደግሞ አመልካቾቹ ማመልከታቸውን ለሌላ ሰው እንዳይናገሩ ይመክራል። ጥሪው በአደባባይ፣ ማመልከቻው በዝምታ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ፦ «ጥቆማ ብሰጥ ለቅጥር ይረዳኛል?» አይረዳም። ወንጀል ሲፈጸም ወይም ሊፈጸም ሲል ያየ ዜጋ ለፖሊስ ማሳወቁ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ይህ የዜግነት ተግባር እንጂ የሥራ ልምድ ሆኖ አይቆጠርም። ለመታየት ሲባል በጎረቤት ላይ የሚቀርብ ያልተረጋገጠ ጥቆማ ንጹሕን ሰው ለእስር፣ ምናልባትም ለሞት ሊዳርግ ይችላል። ሰውን ያለ ጥፋቱ በሐሰት መወንጀልም በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል።

ከደላላ መጠንቀቅ

የመተማ መስመር ደላላን ያውቃል። ወደ ሱዳንና ሊቢያ ወጣቶችን የሚያሻግሩት ሰዎች ተስፋ ሸጠው ገንዘብ ይቀበላሉ፤ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የወጣውም ይህን ዓይነቱን በሰው የመነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ የማሻገር ወንጀል ለመከላከል ነው። የመንግሥት ሥራ ደላላም በተመሳሳይ ዘዴ ይሠራል። ሥራው ምስጢራዊ በመሆኑ ምስጢራዊነቱ ራሱ መሸፈኛ ይሆንለታል። «ለማንም አትንገር፣ ደረሰኝ የለውም፣ ስምህ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፣ ለምዝገባ ይህን ያህል በስልክ ላክ» ይላል። ወጣቱ ምስጢር መጠበቅ የሙያው ደንብ መሆኑን ስለሚያውቅ ወላጁን ሳያማክር ይከፍላል። ስለዚህ እንዲህ ብሎ መለየት ይቻላል፦ እውነተኛ ተቋም ስለ ማመልከቻህ እንዳታወራ ሊመክርህ ይችላል፤ ገንዘብ ከፍለህ እንዳታወራ ግን አይጠይቅህም። እንዲህ ያለ ድርጊት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 በተመለከተው የማታለል ወንጀል ሊያስጠይቅ ስለሚችል፣ የተታለለ ሰው የተላከበትን ስልክ ቁጥርና የክፍያ መልእክት ሳያጠፋ ለፖሊስ ማመልከት አለበት። ማፈር አያስፈልግም። የተማሩ ሰዎችም በዚህ መንገድ ይታለላሉ።

የመታወቂያ፣ የፋይዳ ቁጥርና የትምህርት ማስረጃ ፎቶ ለማያውቁት ሰው በቴሌግራም መላክም ተመሳሳይ ጉዳት አለው። በስምዎ ሌላ ነገር ሊፈጸምበት ይችላል።

ከወዲሁ ሊዘጋጁ የሚገባቸው ሰነዶች

ዝርዝር መስፈርቱን የሚወስነው ቀጣሪው ተቋም ነው። ሆኖም በየትኛውም የመንግሥት ቅጥር የሚጠየቁና ከአብርሃ ጅራ ሆኖ ለማሟላት ጊዜ የሚወስዱ ሰነዶች አሉ። የልደት የምስክር ወረቀት በሚኖሩበት ቀበሌ ከሚገኘው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ይገኛል፤ በሰነዱ ላይ የሰፈረው ስም ከ12ኛ ክፍል ውጤትና ከዲግሪ ጋር በፊደል ሳይቀር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። «አብርሃ» እና «አብረሃ»፣ «ኃይሌ» እና «ሀይሌ» በሚሉ ልዩነቶች የሚጉላሉ አመልካቾች ጥቂት አይደሉም። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ያልተመዘገቡ ቢመዘገቡ ይመረጣል። በውጭ አገር፣ በተለይ በሱዳን፣ ተምረው የተመለሱ ደግሞ ማስረጃቸውን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል አቻ ማስገመት ይኖርባቸዋል። ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያሳይ ማስረጃ የሚሰጠው ፖሊስ ሲሆን፣ የሚያገለግለው ለተወሰነ ጊዜ ስለሆነ ጥሪ ከመውጣቱ ብዙ አስቀድሞ ማውጣት አይጠቅምም።

የወረዳው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት የሥራ ፈላጊነት ምዝገባ ያካሂዳል፤ ይፋ የወጡ የመንግሥት የሥራ ማስታወቂያዎችን እውነተኛነት ለማጣራትም በአካል ቀርቦ መጠየቅ ይቻላል። ማስታወቂያው በተቋሙ ይፋዊ ገጽ ወይም በመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ካልተገኘ፣ ሰነድዎን ለማንም ከማስረከብዎ በፊት ቀጣሪ በተባለው ተቋም በቀጥታ ያረጋግጡ።